ዋጋ፣ ገንዘብና ምንዛሪ፦ የኢትዮጵያ የምጣኔ ሀብት ተለዋዋጮች በጊዜ ሂደት ያላቸው መስተጋብር

1. መግቢያ

በስደት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ምሁር የአገሩ ምጣኔ ሀብት በተነሣ ቁጥር ከሚከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ የኑሮ ውድነቱ መንሥኤ ነው። አንዱ ወገን የብር ምንዛሪ መውረድን ይከሳል፤ ሌላው መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚበደረውን ገንዘብ፤ ሦስተኛው ድርቅንና ጦርነትን። መንሥኤው በተሳሳተ ጊዜ መድኃኒቱም ይሳሳታል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው በወር ደመወዙ ጤፍና ዘይት የሚገዛው ወገናችን ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ኢኮኖሜትሪክስ ይህን መስተጋብር እንዴት እንደሚለካ፣ ልኬቱም ስለ ኢትዮጵያ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የዘዴው መሠረት

የቀድሞዎቹ ትላልቅ ሞዴሎች የትኛው ተለዋዋጭ መንሥኤ፣ የትኛው ውጤት እንደ ሆነ አስቀድመው ይወስኑ ነበር። ክሪስቶፈር ሲምስ በ1980 ይህን አሠራር ተችቶ፣ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በራሱና በሌሎቹ ያለፈ ታሪክ እንዲገለጽ የሚያደርገውን ቬክተር አውቶሪግሬሽን የተባለ ዘዴ አቀረበ፤ በ2011ም ከቶማስ ሳርጀንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በዚህ ዘዴ የዛሬው የዋጋ ደረጃ የሚገለጸው ባለፉት ወራት በነበረው ዋጋ፣ የገንዘብ መጠንና የምንዛሪ ተመን ነው፤ ምንዛሪውና የገንዘቡ መጠንም በተራቸው እንዲሁ ይገለጻሉ።

ክላይቭ ግሬንጀር በ1969 ያቀረበው ፈተና ደግሞ የአንዱ ተለዋዋጭ ያለፈ ታሪክ የሌላውን መጪ ሁኔታ ለመተንበይ ይረዳ እንደ ሆነ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ቀዳሚነት መንሥኤነት አይደለም። ዶሮ ከንጋት በፊት ይጮኻል፤ ንጋትን ግን አያመጣም። ነጋዴው ብር ሊወርድ ነው ብሎ አስቀድሞ ዋጋ ቢጨምር፣ ፈተናው የዋጋ ንረቱን የምንዛሪው ለውጥ ቀዳሚ አድርጎ ያሳየናል፤ ዋጋውን ያስነሣው ግን የሚጠበቀው የምንዛሪ ለውጥ ራሱ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ግሬንጀርና ፖል ኒውቦልድ በ1974 እንዳሳዩት፣ በየዓመቱ እያደጉ የሚሄዱ ሁለት ተለዋዋጮች ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው የተዛመዱ ሊመስሉ ይችላሉ። በመካከላቸው እውነተኛ የረጅም ጊዜ ትስስር መኖሩን መለየት የሚያስችለውን መንገድ ሮበርት ኤንግልና ግሬንጀር በ1987 ቀየሱ።

3. ዘዴው በኢትዮጵያ መረጃ ላይ

የመጀመሪያው ችግር የታሪካችን ነው። ከ1973 እስከ 1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር በይፋ 2.07 ብር ነበር። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ያልተንቀሳቀሰ ተለዋዋጭ በዋጋ ላይ ስላለው ተጽዕኖ የሚያስተምረን ነገር የለም። በኦክቶበር 1992 ዶላሩ 5 ብር ሆነ፤ በ2010 እና በ2017 ሌሎች ቅነሳዎች ተከተሉ፤ የ2017ቱ 15 በመቶ ነበር። በጁላይ 2024 ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ትላልቆቹ ለውጦች በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ በመካከሉ የነበረውን የትይዩ ገበያ ተመን ያላካተተ ጥናት ነጋዴው በእርግጥ የሚያሰላበትን ዋጋ ይስታል።

ሁለተኛው የመረጃ ማነስ ነው። ስድስት ተለዋዋጮችንና የአራት ዓመት ኋሊት ታሪክን የያዘ ሞዴል በእያንዳንዱ እኩልታ 25 መለኪያዎችን መገመት ይኖርበታል። በእጃችን የ30 ዓመት ዓመታዊ መረጃ ቢኖር፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ለመነሻ ሲቀነሱ የሚቀሩት 26 ብቻ ናቸው። በ26 ምስክር 25 ጥያቄ መመለስ አይቻልም። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ከዓለም የቡናና የነዳጅ ዋጋ ጋር ያለ ጥንቃቄ ከተጣመረ፣ ማን ማንን እንደ ቀደመ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይዛባል።

እነዚህ ችግሮች እያሉም ቁም ነገር ያላቸው ውጤቶች ተገኝተዋል። ዲክ ዱሬቫል፣ ጆሴፍ ሎኒንግና ዮሐንስ አያሌው ብሩ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የአገር ውስጥን ዋጋ በረጅም ጊዜ የሚመራው በብር የተሰላው የዓለም የምግብና የሸቀጥ ዋጋ መሆኑን አሳይተዋል። በአጭር ጊዜ ደግሞ የምርት መናጋትና የዋጋ ንረቱ የራሱ ግፊት ጠንካራ ድርሻ አላቸው፤ የገንዘብ አቅርቦት ዕድገትም ምግብ ባልሆኑ ሸቀጦች ዋጋ ላይ የአጭር ጊዜ ተጽዕኖ ያሳድራል። ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸው ተከራካሪዎች ሁሉ ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የሚለያዩት በጊዜው ርዝመት ነው።

4. የ2024 ፈተና

ተመኑ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ይፋዊው የዋጋ ንረት በዚያው ልክ አልተስፈነጠረም። ከዚህ ተነሥቶ ምንዛሪ በዋጋ ላይ ተጽዕኖ የለውም ማለት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ሸቀጥ ቀድሞውኑ በትይዩ ገበያ ተመን ይሸጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ ከ2023 ጀምሮ የባንክ ብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ በ2024ም 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን አወጣ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲለወጥ የአንዱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት የሚቻለው ስለ መንሥኤ ቅደም ተከተል ግምት በመውሰድ ነው፤ ይህም ግምት በግልጽ መነገር አለበት።

5. ከዶቨር ሲታይ

በካልጋሪ በዶቨር ለምንኖረው ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር አይደለም። ከ2014 አጋማሽ እስከ 2016 መጀመሪያ የነዳጅ ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 30 ዶላር ግድም ሲወርድ፣ ነዳጅ ከውጭ ለምትገዛው ኢትዮጵያ እፎይታ ነበር። አልበርታ ግን ነዳጅ ሻጭ ናት፤ በካልጋሪ ሥራ አጥነት በ2016 መጨረሻ 10 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ የካናዳ ዶላርም ከአሜሪካው አንጻር ወደቀ። ስለዚህ ያው አንድ መናጋት አዲስ አበባ ላይ በርካሽ ነዳጅ ሲገባ፣ ከዶቨር በሚላክላት ቤተሰብ በኩል ደግሞ በተቀነሰ ገንዘብ ይገባል። ከባንክ ውጭ የሚላከው ገንዘብ በይፋ መዝገብ ስለማይገባ፣ ሁለተኛው መንገድ በሞዴሎቻችን ውስጥ በአብዛኛው አይታይም።

6. መደምደሚያ

እንግዲህ አንድ ጥናት ብር ወይም ገንዘብ ወይም ድርቅ ጥፋተኛ ነው ብሎ ሲያውጅ፣ አንባቢ ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ ውጤቱ ለአጭር ነው ወይስ ለረጅም ጊዜ? የትይዩ ገበያው ተመንና ከባንክ ውጭ የሚላከው ገንዘብ ተካትተዋልን? የተለዋዋጮቹ ቅደም ተከተል ቢለወጥ ውጤቱ ይጸናልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ጥናት ለፖሊሲ መመሪያ ሊሆን አይገባውም። ለመልሱ ደግሞ ወርኃዊ መረጃ ለተመራማሪ ሁሉ በግልጽ መቅረብ አለበት፤ ምሁሩም በየትኛውም አገር ይኑር፣ ይህን መጠየቅ ከሥራው የሚቆጠር ነው።