ለዕውር ውሻ የሚዋጣ ገንዘብ

ባለፈው ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ በየተራው ከፊት ወጥቶ የመረጠውን ጉዳይ እንዲያስረዳ ታዝዞ ነበር። እኔም ተራዬ ሲደርስ፥ በአሜሪካ አገር ዓይናቸው የጠፋ ውሾች በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ኦፕራሲዮን እየተደረገላቸው እንደሚያዩ መናገር ጀመርሁ። ገና ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ሣቁ ጋብ ሲል አንድ ጓደኛዬ ብድግ ብሎ፥ «ስንት ሰው ዓይኑ ጠፍቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ለውሻ ገንዘብ ማዋጣት ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ እርሱ ግን ራሱን ያውቃል። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ ረብ ያለው አልነበረም። መምህራችንም፥ «ነገሩን በደንብ መርምረህ ለመጽሔቱ ጻፈው፤ ያን ጊዜ የሚሥቅ መኖሩን እናያለን» አሉኝ። እነሆ፥ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ወደዚህ ነገር የመራችኝ ፊዮና የምትባል አንዲት ትንሽ ውሻ ናት። ፊዮና ፑድል ከሚባለው ጠጕረ ጥቅል የውሻ ዘር ስትሆን፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ በቆሻሻ ክምር መካከል ተጥላ ትኖር ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም፤ ሰውነቷንም ቁንጫ ወርሶታል። ያገኛትና ያነሣት በዚያው ከተማ ኤልዳድ ሃጋር ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በ2008 ያቋቋመው ሆፕ ፎር ፖውስ የሚባል ማኅበር ነው፤ ትርጓሜውም «የመዳፎች ተስፋ» ማለት ነው። ማኅበሩ ውሻዪቱን አሳጥቦ ለዓይን ሐኪም አስመረመራት፤ ለኦፕራሲዮኑ የሚሆነውንም ገንዘብ ከሕዝብ ለምኖ ሰበሰበ። ገንዘቡን ካዋጡት ሰዎች የሚበዙት ውሻዪቱን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ኦፕራሲዮኑም ተደረገ፤ ፊዮናም በአንድ ዓይኗ አየች። በ2012 የወጣውን ፊልሟን በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ተመልክቶታል። እኔም የተመለከትሁት በአክስቴ ልጅ የእጅ ስልክ ላይ ነው።

በፊልሙ ከተደሰትሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ምን በአንድ ዓይኗ ብቻ አየች? ገንዘብ አንሶ ነው? ሐኪሙ ስቶ ነው? መልሱን ለማግኘት ዓይን እንዴት እንደሚያይና እንዴት እንደሚጠፋ መማር ግድ ሆነብኝ።

በሰውም ሆነ በውሻ ዓይን ውስጥ፥ ከብሌኑ በስተኋላ፥ እንደ ጥርት ያለ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ አለ። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ በዓይን ጀርባ ላይ ወደ ተነጠፈው ቀጭን ሽፋን፥ ማለት ወደ ሬቲና፥ ያሳርፈዋል። ሬቲናም ያየውን ወደ አንጎል ይልካል። ሌንሱ የተሠራው ከውኃና ከፕሮቲን ሲሆን ፕሮቲኑ በሥርዓት ተደርድሮ እስካለ ድረስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሥርዓቱ ሲፈርስ ግን ይነጣል። ጥሬ ዕንቍላል ሲሰበር ነጩ ክፍል ውኃ መስሎ ሊታይ፥ ከተቀቀለ በኋላ ግን ምንም የማያሳልፍ ነጭ እንደሚሆን ማሰብ ነው። ይህ የነጣ ሌንስ አገራችን ሰው የዓይን ሞራ የሚለው ነው።

በሰው ላይ ሞራ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በእርጅና ነው። በውሻ ላይ ግን ከሁሉ የሚበዛው በዘር የሚወረሰው ሲሆን ፑድልን በመሰሉ ዘሮች ላይ በወጣትነት ይታያል። ሌላው ትልቁ ምክንያት የስኳር በሽታ ነው። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ውሾች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሞራ ያወጣሉ። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ሌንሱ ይገባና ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል፤ ይህም የተለወጠው በቀላሉ መውጣት ስለማይችል ውኃ እየሳበ ሌንሱን ያሳብጠዋል። አንዳንዱ ውሻ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቤት ውሻ ጥቂት ብናገር አንባቢ አይቀየመኝም ብዬ አስባለሁ። ስሙ መቻል ይባል ነበር። መቻል ዓይኑ መጥፋቱን ማንም ሳያውቅ ብዙ ወራት አልፈዋል፤ ምክንያቱም ግቢውን በእግሩና በአፍንጫው ያጠናው ስለ ሆነ እንደ ደኅና ውሻ ይመላለስ ነበር። ነገሩ የተገለጠው አባቴ የማገዶውን ክምር ከአጥሩ ጥግ ወደ በሩ አጠገብ ያዛወሩ ዕለት ነው። መቻል የጎረቤት ሰው ሰምቶ እየጮኸ ሲሮጥ ክምሩን በግምባሩ መትቶ ወደቀ። ለጎረቤታችን ላም የመጣ አንድ የከብት ሐኪም በዚያ ሳምንት ሲመለከተው ማታ ነበርና የእጅ ባትሪ አበራበት። የውሻ ዓይን በጨለማ ሲያበሩበት እንደ ፍም ቦግ ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህም የሚሆነው በሬቲናው ጀርባ እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ነው። የመቻል ዓይን ግን አላበራም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ ታየ። «ያረጀ ውሻ ሁሉ ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ይለብሳል፤ ያ ሞራ አይደለም፥ ብርሃን ያሳልፋል፥ ውሻውም ያያል። ይህ ግን እውነተኛ ሞራ ነው» ሲል አስረዳን። ኦፕራሲዮን እንዳለው፥ እርሱ ግን እንደማይሠራው ነገረን። አባቴም ከዚያ በኋላ የማገዶውን ክምር ወደ ቀድሞው ስፍራ መለሱት። ያደረግንለት ሕክምና ይኸው ብቻ ነበር።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ልመለስ። የነጣውን ሌንስ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ ቢታወቅም በስፍራው ሌላ ለመተካት የቻለው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን ጊዜውም 1949 ነው። በጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ተሰባብሮ በዓይናቸው የገባባቸውን አውሮፕላን ነጂዎች ሲያክም፥ ስባሪው ዓይንን እንደማያስቆጣ ተመለከተና ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠራ። በ1967 ደግሞ አሜሪካዊው ዶክቶር ቻርልስ ኬልማን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚርገበገብ ቀጭን መርፌ ፈለሰፈ። አሳቡ የመጣለት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ ጥርሱ በተመሳሳይ መሣሪያ ሲጸዳለት ነው ይባላል። መርፌው በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ገብቶ ሞራውን እየፈጨ ይመጥጠዋል። ዛሬ ውሻም የሚታከመው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለእርሱ የሚተከለው ሌንስ ግን ኃይሉ 41 ዳዮፕተር ያህል ነው፥ የሰው ወደ 20 ገደማ ስለ ሆነ እጥፍ መሆኑ ነው።

ታዲያ መሣሪያው አንድ ከሆነ ለውሻ ዋጋው ስለ ምን ብዙ ሺህ ዶላር ይሆናል? ሰው «አትነቃነቅ» ሲባል ይሰማል፤ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ፥ ራሱ ነቅቶ ሳለ ሥራው ያልቃል። ውሻን ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በማደንዘዣ መተኛት፥ ትንፋሹንና ልቡን የሚጠብቅ ሌላ ባለሙያ ከአጠገቡ መቆም አለበት። ከዚህም በላይ የውሻ ዓይን ከሰው ዓይን ይልቅ ቍጡ ነው፤ በተነካ ጊዜ ክፉኛ ይቀላል፥ ያብጣልም።

አሁን ወደ ፊዮና ሁለተኛ ዓይን እንመጣለን። ሌንስ የቱንም ያህል ቢጠራ በስተኋላው ያለው ሬቲና ከሞተ ወይም ከስፍራው ከተላቀቀ ዓይን አያይም። ነጩ ሞራ ደግሞ እንደ መጋረጃ ስለሚከልለው ሐኪሙ ሬቲናውን አሻግሮ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ምርመራ ይደረጋል። አንደኛው በድምፅ ሞገድ ሬቲናው በስፍራው መኖሩን የሚያሳይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ብርሃን ቦግ እያደረጉ ሬቲናው የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካ ነው። ልኩ ባዶ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ አይደረግም። ሬቲናን ቀስ በቀስ የሚገድል በዘር የሚወረስ በሽታ በብዙ ውሾች ላይ ስለሚገኝ፥ ሞራም አብሮት ስለሚመጣ፥ «አይሆንም» የሚባለው ውሻ ጥቂት አይደለም።

እንደ እኔ አስተያየት የርዳታ ማኅበር እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ መለመን ከባድ አይደለም፤ የዕውር ውሻ ፎቶግራፍ ብቻውን ኪስ ይከፍታል። ከባዱ በሕዝብ ገንዘብ ለማያየው ዓይን አለመክፈል ነው። ሌላም ጥያቄ አለ። ኦፕራሲዮኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ጠብታ መጨመር ያስፈልጋል። ዓይኑን እንዳይቧጭር እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ አንገትጌ ይታሠርለታል፤ የዓይኑ ግፊት ከፍ እንዳይል በየጊዜው ይለካል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ የበራው ዓይን እንደገና ይጠፋል። የስኳር በሽታ ያለበት ከሆነ ደግሞ ኢንሱሊኑ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ለጎዳና ውሻ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ጠብታውን ማን ይጨምርለታል ማለት ይገባል። ፊዮና ዓይኗ ከበራ በኋላ የሚያሳድጋት ቤተ ሰብ አግኝታለች።

እንስሳን በርዳታ ማከም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1917 ማሪያ ዲኪን የምትባል እንግሊዛዊት በሎንዶን የድኾች ሰፈር በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ለድኻ ሰው እንስሳት ነጻ ሕክምና ከፈተች፤ የጀመረችውም ማኅበር ዛሬ በመላው እንግሊዝ ሆስፒታሎች አሉት። በአሜሪካም የእንስሳት ዓይን ሐኪሞች ኮሌጅ አባሎች ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ዓይነ ስውራንን የሚመሩትንና ሌላም ሥራ ያላቸውን ውሾች ዓይን ያለ ክፍያ ይመረምራሉ። መሪው ውሻ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዕውር አንድ ላይ መንገድ ሊወጡ ነውና፥ ይህን የሚነቅፍ ሰው አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የጓደኛዬ ጥያቄ ነው፤ ሸሽቼ ላልፈው አልፈልግም። በ2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት ዓይናቸው ከጠፋው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዚሁ በሞራ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። በኔፓል በተስፋፋው፥ በኢትዮጵያም በሚሠራበት ቀላል ዘዴ ለአንድ ሰው ዓይን የሚያስፈልገው ዕቃ ዋጋው 25 ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ በ3000 ዶላር ሒሳቡን ብንሠራው ለአንድ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ የ120 ዓይን ዕቃ ይገዛል ማለት ነው። ይህን ቍጥር ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ለፊዮና የሰጠው ሰው ያንኑ ገንዘብ ለሰው ይሰጥ ነበር ወይ ቢባል፥ የሚበዛው አይሰጥም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ነገር ግን ግምት ሒሳብን አያፈርስም።

ሆኖም የውሻ ዓይንና የሰው ዓይን ጓደኛዬ እንዳሰበው የተለያዩ ሁለት ከረጢቶች አይደሉም። የዶክቶር ኬልማን መርፌ በሰው ዓይን ከመግባቱ በፊት በድመቶች ዓይን ተሞክሯል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ብሪያርድ በሚባሉት የፈረንሳይ ውሾች ላይ አንድ ጂን ተበላሽቶ ሲወለዱ ጀምሮ የማያዩ ቡችሎች ይገኙ ነበር፤ የዚያው ጂን መበላሸት ሕፃናትንም ያሳውራል። የአሜሪካ ሊቃውንት ደኅናውን ጂን በመርፌ ወደ ቡችሎቹ ሬቲና አስገብተው ማየት መጀመራቸውን በ2001 አስታወቁ። ከቡችሎቹ አንዱ ላንስሎት ይባል ነበር፤ ማየቱን ያሳይ ዘንድ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ተወስዷል። ይኸው ሕክምና በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ ለሰው እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሥራውን ከመሩት መካከል ዶክቶር ጂን ቤኔትና ባለቤታቸው ዶክቶር አልበርት ማግዋየር ዓይናቸው ከበራላቸው ውሾች ሁለቱን፥ ቬነስንና ሜርኩሪን፥ ወደ ቤታቸው ወስደው አሳደጓቸው።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራችን ከመስጠቴ በፊት ለዚያው ጓደኛዬ አስነበብሁት። አንብቦ ሲጨርስ 120 የሚለውን ቍጥር በእርሳስ አሰመረበትና፥ «እኔ ብሆን አሁንም ለሰው እሰጣለሁ» አለኝ። ወረቀቱን መልሶልኝ ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ዞር ብሎ ያ ፊልም በእጅ ስልኬ ላይ እንዳለ ጠየቀኝ፤ እንደሌለ፥ ነገር ግን ወደ አክስቴ ቤት አብሮኝ ቢመጣ ማየት እንደሚችል ነገርሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ።