በለምለም መስክ የመዳብ ረሃብ

«ይህን የመሰለ ሣር እየበላ ምን ይጎድለዋል?» ይለኛል ባለቤቱ፣ የኋላ እግሮቹ የሚወላገዱበትን ወጣት አጋዘን እያሳየኝ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በምሠራበት በደቡብ ኒው ዚላንድ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። መልሴም ያው ነው፦ መዳብ።

ቀዩ አጋዘን ለዚህ አገር እንግዳ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ለአደን ተብሎ ከብሪታንያ መጣ፤ የሚበላው አውሬ ስላልነበረ ተራብቶ ጫካውን አወደመ። መንግሥት አዳኝ ቀጥሮ ሲያስገድለው ኖረ። በ1969 እ.ኤ.አ. በአጥር ማርባት ሲፈቀድ፣ ተኳሽ ይጭን የነበረው ሄሊኮፕተር መረብ እየወረወረ በሕይወት ይለቅመው ጀመር። አጥር ውስጥ ከገባ በኋላ መስኩ ያጣውን ማዕድን እሱም ያጣል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ግን መዳብ በአፈሩ እያለም ላይደርሰው መቻሉ ነው። ሞሊብዲነም የተባለው ማዕድንና ድኝ በሣሩ ሲበዙ፣ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ተጣምረው መዳቡን ይይዙታል፤ ሰውነቱ ሳይጠቀምበት ከእዳሪ ጋር ይወጣል። ኖራ የተደረገለት ለምለም መስክ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው፤ ኖራው ሞሊብዲነሙን ሣሩ በቀላሉ እንዲስበው ያደርጋል።

የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ስለሚበቅል (የአገራችን አጋዘን እንዲህ አያደርግም) ብዙ አርቢ የሚጨነቀው ለካልሲየም ነው። እሱንስ እንስሳው ከገዛ አጥንቱ ይበደራል።

የመዳብ ጎተራው ጉበት ነው። ጎተራው እየተሟጠጠ ሳለ ደሙ ለጊዜው ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ በደም ምርመራ ብቻ አልረካም፤ ቄራ ከሄዱት ላይ የጉበት ናሙና አስወስዳለሁ። በአንድ ኪሎ ትኩስ ጉበት ውስጥ ከ60 ማይክሮሞል በታች ከተገኘ እጥረት ነው፤ ከ100 በላይ ከሆነ እፎይ እላለሁ። ክምችቱ በጣም የሚወርደው በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ፣ እናቲቱ እርጉዝ ሳለች ነው።

የበግ ግልገል በዚህ እጥረት የሚታመመው ሲወለድ ወይም ጥቂት ቆይቶ ነው። አጋዘን ግን ካደገ በኋላም ወገቡ ይከዳዋል፤ የትንንሾቹ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ እያነሱ ይዘላሉ። አንዴ የተጎዳ ነርቭ መዳብ ስለተሰጠው አይድንም። የምንሰጠው ገና ላልታመሙት ነው፦ የመዳብ ኦክሳይድ ሽቦ ቅንጣት የታጨቀበት እንክብል፣ ለጎልማሳው 10 ግራም የሚይዘው። ቅንጣቶቹ ጨጓራው ውስጥ ተሰክተው ለወራት ቀስ እያሉ ይሟሟሉ። መስኩ ላይ የመዳብ ሰልፌት የሚበትኑም አሉ፤ እኔ ግን በግ ያለው ሰው ይህን ሲያስብ እፈራለሁ። ለአጋዘኑ የሚበተነው መጠን በግን መርዞ ሊገድል ይችላል።

ስምጥ ሸለቆ ፍየል የሚያረባው አጎቴ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። «አይ አንቺ ልጅ፣ አሞሌ ማላስ አቅቷችሁ ነው?» አሞሌ የምግብ ጨው መሆኑን፣ መዳቡን እንደማይተካ አስረዳሁት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ የእኛ ግልገሎች ወገባቸው የሚላላው?» አለኝ። የመዳብ እጥረት በስምጥ ሸለቆ በጎችና ፍየሎች ላይ መኖሩ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥናት ተመዝግቧል።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሲያርዱ ከጉበቱ ቆርጠው ለወረዳው ሐኪም ይስጡልኝ።»

«ጉበቱንማ ማን ይሰጣል!»

አውራ ጣት የምታህል እንደምትበቃ ነግሬ አስማማሁት።