መፍጫው በሆዱ ያለ የቡና መኪና

ወደ ቤት የሚገባ መኪና ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በተገዛበት ቀን የሚቆጠረው ገንዘብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተገዛ በኋላ በየዕለቱ የሚከፈለው ትጋት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስልቶ ሁለተኛውን ይዘነጋል። የልብስ ስፌት መኪና እንኳ ዘይት ካልጠጣ መስፋቱን ይተዋል። ኤስፕሬሶ የሚባለውን ቡና በቤት የሚያወርደው፣ መፍጫውም በሆዱ ያለው መኪና ደግሞ ይህን ሁለተኛ ዋጋ አጥብቆ የሚጠይቅ ነው።

የመኪናው ትውልድ ኢጣልያ ነው። ዓመቶቹን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ብንጠቅስ፣ በ1884 ዓ.ም. አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቱሪኖ ሰው በእንፋሎት ኀይል ቡና የሚያፈላ መኪና ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1901 ዓ.ም. የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ለእያንዳንዱ ጠጪ በየስኒው የሚቀዳበትን ዘዴ አወጣ። ይሁን እንጂ የእንፋሎት ጉልበት ብቻውን በቂ አልነበረም። በ1940ዎቹ መጨረሻ አኪሌ ጋጂያ ውሃውን በማንሻና በሞላ ኀይል አጥብቆ እንዲገፋ ስላደረገው፣ ክሬማ የተባለው ወርቃማ አረፋ ከስኒው ላይ ታየ። በ1961 ዓ.ም. ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ ያወጣው መኪና ደግሞ የሰውን ክንድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተካው። ዛሬ መፍጫና ማፍያውን አንድ አድርገው ለቤት ከሚሸጡት መካከል በሰፊው የታወቀው፣ ብሬቪል የተባለው የአውስትራልያ ኩባንያ የሚሠራው ባሪስታ ኤክስፕሬስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ስኒ ወደ 18 ግራም የሚሆን ቡና ይፈጫል፤ እጀታ ባለው ማጥለያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከመኪናው ጋር ይገጠማል። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ 9 ባር በሚያህል ግፊት ሲገፋበት፣ ከ25 እስከ 30 ሰኮንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ያህል ቡና ይወርዳል።

እንግዲህ ምስጢሩ ያለው ከመፍጫው ላይ ነው። ቡናው ሻካራ ሆኖ ከተፈጨ ውሃው ሮጦ ያልፋል፤ መጠጡም ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። ከመጠን በላይ ከላመ ደግሞ ውሃው መንገድ ያጣል፤ ጣዕሙም ይመራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣት ተዳስሶ የማይለይ ጥቂት ነገር ነው። ተፈጭቶ የታሸገ ቡና ገዝቶ በዚህ መኪና የሚያፈላ ሰው መኪናውን የሚወቅሰው በከንቱ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ቡናውን ቆልተው ወዲያው የሚወቅጡት፣ የተወቀጠ ቡና ሽታው ቶሎ እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ከምጣድ እንደ ወረደ ለጀበና የሚስማማው ቡና ለኤስፕሬሶ አይስማማም፤ አዲስ የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ የውሃውን አወራረድ ያውካል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ማሳረፍ ይገባል። ዘይት እስኪያወጣ የጠቆረ ቡና ደግሞ የመፍጫውን ጥርስ ያጣብቃል።

መፍጫውና ማፍያው አንድ መሆናቸው ሥፍራ ይቆጥባል፤ ሁለቱን ለየብቻ ከመግዛትም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ጉዳቱ፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም አብሮ ወደ ጠጋኝ መሄዱ ነው። የተሻለ መፍጫ የሚመኝ ሰውም ለአሮጌው የከፈለው ገንዘብ ይባክንበታል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣለት ሰው ደግሞ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ዐይነት ይጠይቅ። በዚያ አገር የሚሠራበት 120 ቮልት ሲሆን በአገራችን 220 ቮልት ነው። ይህን ሳይመረምር የሚሰካ ሰው አንድ ስኒ ሳይቀምስ መኪናውን ያቃጥላል። እንዲህ ያለው መኪና 1,500 ዋትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ ትንሽ ትራንስፎርመር አይችለውም።

ከዚያ በኋላ የትጋቱ ዋጋ ይጀምራል። የወተት ማሞቂያው ቱቦ ወተት በተፈላበት ቁጥር መወልወል አለበት፤ ማጥለያው በየዕለቱ ይታጠባል፤ የመፍጫው ጥርስ በየጊዜው ወጥቶ በብሩሽ ይጠረጋል፤ ውሃው ኖራ ያለበት እንደ ሆነም በየጥቂት ወሩ ኖራውን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ይህ የተጓደለበት መኪና ውሎ አድሮ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል።

ደመወዙን አጠራቅሞ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ሠራተኛ እንግዲህ ራሱን ይጠይቅ፤ የሚገዛው ሊሠራበት ነው ወይስ ለእንግዳ ሊያሳየው? መኪናው ጀበናን ሊሽር አልመጣም። ጀበና ጎረቤት ይሰበስባል፤ መኪናው ማለዳ ወደ ሥራ የሚቻኮለውን ያሰናዳል። ሁለተኛውን ዋጋ ለመክፈል የቆረጠ ይግዛ፤ በየማለዳው ትጋቱን በጣዕም ያገኘዋል። ያልቆረጠ ግን ገንዘቡን ይያዝ፤ ጀበናና ሙቀጫ ከቤቱ አልጠፉም።