የጄኔቫው ኮሚቴና አገር ቤት ያለው ሥራው

በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአጭር ስሙ ሲዳው፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሠላሳ አንቀጾች አሉት። 189 አገሮች ተቀብለውታል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱ ሥራ ላይ በዋለበት በዚያው በ1981 አጽድቃዋለች። አፈጻጸሙን የሚከታተለው 23 አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሆን፣ አባላቱን ስምምነቱን የተቀበሉት አገሮች ለአራት ዓመት ይመርጧቸዋል። የሚሠሩት በግል ሙያቸው ነው፤ የገዛ አገራቸው ጉዳይ ሲታይ አይሳተፉም። ኮሚቴው ፖሊስ የለውም፣ ማዕቀብ አይጥልም፣ መቀጮ አያስከፍልም። ታዲያ እንዲህ ያለ አካል ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለእኔ መልሱ ያለው ጄኔቫ ካለው የስብሰባ አዳራሽ ውጭ ነው። ኮሚቴው የሚጽፈው ነገር ጉልበት የሚያገኘው አገር ቤት አንሥቶት ፍርድ ቤት የሚወስድ፣ ምክር ቤት ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሰው ከሌለ ወይም አፉ ከተዘጋ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሥራው ከሪፖርት ይጀምራል። አንድ አገር ስምምነቱን በተቀበለ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በየአራት ዓመቱ ሕጉንና አሠራሩን የሚያሳይ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። መንግሥት ስለ ራሱ ሲጽፍ የወጣውን ፖሊሲና የተሰጠውን ሥልጠና ማብዛቱ የሚጠበቅ ነውና፣ የአገሩ የሴቶች ማኅበራት ጎን ለጎን የራሳቸውን ሪፖርት ይልካሉ። ኮሚቴው ሁለቱን አስተያይቶ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ያሳውቃል። ከዚያ የመንግሥት ልዑካን ቀርበው አንቀጽ በአንቀጽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ፣ ይጠየቃሉ። በመጨረሻ ኮሚቴው ስጋቱንና ምክሩን በጽሑፍ ያወጣል፤ አንገብጋቢ ባላቸው ነጥቦች ላይም በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደተደረገ እንዲነገረው ይጠይቃል። የዚህ ሁሉ መመዘኛ በስምምነቱ አንቀጽ 1 ላይ ያለው ትርጉም ነው። አድልዎ ማለት ሴትን ለመጉዳት ታስቦ የተደረገ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሳይታሰብም ቢሆን ውጤቱ የሚጎዳት ከሆነ አድልዎ ነው። ባንክ ለወንድም ለሴትም እኩል “ብድር የሚሰጠው ንብረት ለሚያስይዝ ነው” ሊል ይችላል። ቤቱና መሬቱ በባል ስም በተመዘገበበት አገር ግን ይህ ለሁሉም አንድ የሚመስል ደንብ ሚስቲቱን ከደጅ ይመልሳታል። የመሬት ምዝገባ፣ የገጠር ሴቶች ኑሮ (አንቀጽ 14 ሙሉ በሙሉ ስለ እነሱ ነው)፣ ባህልና ልማድ በዚህ ዓይን ስለሚታዩ ነው ስምምነቱ ብዙ መንግሥታትን የሚያስጨንቀው።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል። ተጨማሪ ፕሮቶኮሉን በተቀበለ አገር የምትኖር ሴት፣ በአገሯ ፍርድ ቤት ያለውን መንገድ ጨርሳ መፍትሔ ካጣች፣ በቀጥታ ለኮሚቴው ማመልከት ትችላለች። ከነዚህ አቤቱታዎች ውስጥ በዝርዝር መታወቅ ያለበት አንዱ ከብራዚል የመጣው ነው። በ2002 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አቅራቢያ የምትኖር የ28 ዓመት ጥቁር ብራዚላዊት፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ሆዷን አሟት ወደ አንድ የግል ጤና ተቋም ሄደች። መድኃኒት ጽፈው ወደ ቤቷ መለሷት። ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለስ የፅንሱ ልብ መምታት አቁሟል። ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ከሰዓታት መዘግየት በኋላ ነው። ደም ሲፈስሳት ወደ መንግሥት ሆስፒታል እንድትዛወር ተወሰነ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ያህል ጠበቀች። የተላከችበት ሆስፒታል አልጋ ስላልነበረው ኮሪደር ላይ አስተኟት፤ እዚያም ሞተች። ቤተሰቧ አገሯ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዓመታት አለፉ፣ ፍርድ አልመጣም። እናቷ ጉዳዩን ኮሚቴው ዘንድ ሲያደርሱ መንግሥት መጀመሪያ ያከማት የግል ተቋም መሆኑን እንደ መከላከያ አቀረበ። ኮሚቴው በ2011 ሲወስን፣ መንግሥት ሕክምናን ለግል ተቋም ቢሰጥም የመቆጣጠር ግዴታው ከላዩ አይወርድም አለ፤ ወሊድ ላይ ያለች ሴት በወቅቱ ሕክምና አለማግኘቷ አድልዎ መሆኑን፣ ጥቁርና ድኻ መሆኗም በዚህ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ገለጸ። በ2014 የብራዚል መንግሥት ለእናትየዋ ካሣ ከፈለ። አንድ ዓለም አቀፍ አካል በወሊድ ምክንያት ለደረሰ ሞት መንግሥትን ተጠያቂ ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ካሣው ልጅቱን አይመልስም። “የእግዜር ቁጣ ነው” ተብሎ ይታለፍ የነበረ ሞት ግን የሕግ ጥያቄ ሆኗል፤ ለዚህም ያበቃው የእናትየዋና የጠበቆቻቸው አለመታከት ነው።

ኮሚቴው ራሱ እጁን ሳያስገባ ስምምነቱ ዳኛ ፊት የቆመባቸው ጊዜያትም አሉ፤ የእኔን ሐሳብ ይበልጥ የሚያጠናክሩትም እነዚህ ናቸው። በ1990 ታንዛኒያ ምዋንዛ ከተማ በዋለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአንዲት የሀያ ብሔር ሴት ጉዳይ ታየ። ከአባቷ በኑዛዜ ያገኘችውን የጎሣ መሬት ሸጣ ነበር፤ በልማዱ ግን ሴት በመሬቱ ትጠቀማለች እንጂ አትሸጥም። ዳኛው ምዋሉሳንያ አገራቸው ሲዳውን መቀበሏን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አያይዘው ጠቅሰው፣ ሴቷ እንደ ወንዱ መሸጥ ትችላለች ብለው ፈረዱ። በ1997 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን የሚከለክል ሕግ በሌለበት፣ ስምምነቱንና የኮሚቴውን ማብራሪያ መሠረት አድርጎ አሠሪዎች የሚገዙበት መመሪያ አወጣ። ፓርላማው ሕጉን እስካወጣበት እስከ 2013 ድረስ በመላ አገሪቱ ይሠራበት የነበረው ያ መመሪያ ነው።

ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው “ይህ የምዕራባውያን ሐሳብ ነው፤ ባህላችንን ሊያጠፋ የመጣ ነው” የሚለው ነው። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ለስምምነቱ መነሻ የሆነውን የ1967 መግለጫ በማርቀቅ ግንባር ቀደም የነበሩት ጋናዊቷ ዳኛ አኒ ጂያጌ ናቸው፤ ለስምምነቱ ረቂቅም ፊሊፒናዊቷ ዲፕሎማት ሌቲሺያ ራሞስ ሻሃኒ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በሌላ በኩል አሜሪካ በ1980 ብትፈርምም ሴኔቷ እስከ ዛሬ አላጸደቀውም። ኮሚቴው የሚሰበሰብባት ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የፈቀደችው በ1971 ነው፤ ሲዳውን የተቀበለችውም በ1997፣ ከኢትዮጵያ 16 ዓመት ዘግይታ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ብዙ አገሮች ስምምነቱን ሲቀበሉ ጋብቻና ቤተሰብን በሚመለከተው በአንቀጽ 16 ላይ “ይህ እኛን አያስገድደንም” የሚል ተአቅቦ አስመዝግበዋል። ሴት ልጅ ዕድሜዋን የምታሳልፈው በቤተሰብ ውስጥ ሆኖ ሳለ ያንን ቀንሶ የቀረውን መቀበል የስምምነቱን ልብ ማውጣት ነው። አንቀጽ 28 ከስምምነቱ ዓላማ ጋር የሚጋጭ ተአቅቦን ይከለክላል፤ ነገር ግን ተአቅቦውን ሰርዞ የሚያስገድድ አካል የለም። እውነተኛ ጉድለት ነው። ቢሆንም ሞሮኮ በ2011 በአንቀጽ 16 ላይ የነበራትን ተአቅቦ ስታነሣ የሆነውን መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የአገሩ ሴቶች ለዓመታት ታግለው በ2004 የቤተሰብ ሕጉን አስለውጠው ነበር፤ ለተባበሩት መንግሥታት የተሰጠው ቃል የተለወጠው አገር ቤት ያለው ሕግ ከተለወጠ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ይህንኑ ከሁለቱም ወገን ያሳያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። ኢትዮጵያ ሲዳውን ካጸደቀች በኋላም ይህ ሕግ ለሃያ ዓመት ያህል ሳይነካ ቆየ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የባልን የበላይነት ሲሽርና የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ከፍ ሲያደርግ፣ ከለውጡ ጀርባ ስምምነቱን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ጋር አያይዘው የሞገቱ ሴቶች ነበሩ፤ በተለይም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት የነበረበት የቀድሞው ሕግም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቀርቷል። በ2001 ዓ.ም. ግን ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ማኅበሩ ሥራውን በእጅጉ ለመቀነስ ተገደደ፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ፈልገው በሩን ያንኳኩ የነበሩ ሴቶችም መሄጃ አጡ። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ኮሚቴው የኢትዮጵያን ሪፖርት ሲመረምር ስለዚሁ አዋጅ ስጋቱን ገልጾ ገደቡ እንዲነሣ ጠየቀ። ገደቡ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዲስ አዋጅ ነው፤ ለዚያ ያበቃው የፖለቲካ ለውጥ እንጂ የኮሚቴው ደብዳቤ ነበር አልልም። በመካከል ባሉት ዓመታት ግን የኮሚቴው ምክሮች አንሥቷቸው የሚከራከር ጠንካራ ማኅበር አጥተው ነበር፤ እኔ ከማዕቀብ አቅም ማጣት ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

የዛሬውን ፈተና ለማየት ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱትን እህቶቻችንን ማሰብ በቂ ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አጠቃላይ ምክር ቁጥር 26 ተቀባይ አገሮች የቤት ሠራተኛን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋቸው እንዲያቅፉና አሠሪ ፓስፖርት እንዳይነጥቅ እንዲያደርጉ ይጠይቃል፤ ላኪ አገሮችም ኤጀንሲዎችን መቆጣጠርና በኤምባሲዎቻቸው በኩል ዜጎቻቸውን መርዳት እንዳለባቸው ይናገራል። ይህን ይዘን ሪያድንና ቤይሩትን መጠየቅ መብታችን ነው። ጥያቄው ግን ወደ አዲስ አበባም ይመለሳል። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። ቤይሩት ላለችው ልጅ የምንጠይቀውን የዕረፍት ቀንና የሥራ ሰዓት ገደብ ቦሌ ለምትሠራውም በሕግ ልንሰጣት ይገባል፤ የሲዳው አንቀጽ 11 በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም።