የተረሳው ገመድ፦ የጭነት መኪና ማሳ በበረዶ ወራት

ማሳ የሚባለው ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ተነስቶ ከሞተሩ አካልና ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናው ከቆመበት የብረት አጽም፣ ጋር የሚታሰረው ወፍራም ገመድ ሲሆን፣ ሥራውም በፖዘቲቩ በኩል ወጥቶ ሞተሪኖውን ያዞረውና መብራቱን ያበራው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ መሆን ነው። ባትሪ ኃይል እንደሚያከማች፣ ዲናሞ እንደሚሞላው፣ ሞተሪኖ ሞተሩን አዙሮ እንደሚያስነሳ የማያውቅ ሹፌር ስለሌለ በዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም። ስለ ማሳ ግን አብዛኛው ሰው ኤሌክትሪክ አምፖሉ ጋ ሲደርስ እዚያው የሚያልቅ ይመስለዋል፤ በዚህም የተነሳ ፖዘቲቩን እያጸዳና እየሸፈነ ሲንከባከብ፣ የሄደውን ሁሉ የሚመልሰውን ገመድ ለጭቃና ለዝገት ይተወዋል።

ይህ ቸልተኝነት ዋጋ የሚያስከፍለው በብርድ ነው። ከዴንቨር ተነስቶ የኮሎራዶን ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ኢንተርስቴት 70 በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ከባሕር ጠለል በላይ 3400 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ መስመር የተራራ ክፍል የሚያልፉ የንግድ መኪኖችም በአውሮፓ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሰንሰለት ይዘው እንዲጓዙ ሕግ ያስገድዳል። በዴንቨርና በአጎራባቿ አውሮራ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ብዙዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከጓደኛ ጋር ተጣምረው፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከመሪው ጀርባ ባለው መኝታ እያረፈ፣ ረጅሙን መንገድ ይካፈላሉ። መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ሁለቱም በማረፊያ ሲያድሩ ማሞቂያው፣ ትንሿ ማቀዝቀዣና የስልኮቹ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪ ይመገባሉ። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ሲል ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ ባትሪው ሞቷል።

እርግጥ ነው፣ ብርድ ባትሪን ያዳክማል፤ በባትሪ ላይ የሚጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔርም ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ፣ ለ30 ሴኮንድ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት የሚገልጽ ነው። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር የሚፈለገው ጉልበት ይጨምራል። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን እንኳ ሳይረጋ የሚችል ሲሆን፣ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋ ባትሪ ላይ ኬብል ሰክቶ ለማስነሳት መሞከርም ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ የማይደረግ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ባትሪዎች ተገዝተው ከተገጠሙ በኋላም ያው ቀጭ የሚል ድምፅ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ከማሳው ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በብርድ የደነዘዘ ትልቅ የናፍጣ ሞተርን ለማዞር ሞተሪኖው ብዙ መቶ አምፔር ይስባል። 800 አምፔር በሚያልፍበት ገመድ ጫፍ ላይ 2 ሺኛ ኦም የምታህል እንቅፋት ብትኖር 1.6 ቮልት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በብርድ ከደከመ የ12 ቮልት ባትሪ ላይ ይህን ያህል መቀነስ ሞተሩን ለመከልከል ሊበቃ ይችላል። የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች በአብዛኛው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ለዚያው ጉልበት ግማሹ አምፔር ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ በጅቡቲ መስመር ልምድ ያካበተ ሹፌር የአሜሪካው መኪና ለትንሽ ዝገት ይህን ያህል መሸነፉ ቢያስገርመው አይፈረድበትም። ዝገቱን የሚያመጣው ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ የሚረጨው የማግኒዚየም ክሎራይድ ብጥብጥ ነው፤ ይህ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ሳይደርቅ ይቆያል፣ በገመዱ ጫፍ በኩል ወደ መዳቡ ክሮች ሰርጎ ይገባል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለውን ገመድም ከልባሱ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ያደርገዋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቴስተሩ ነው። መኪናው ሳይነሳ ባትሪው ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ገመዱም ጫፍና ጫፉ ሲለካ ደህና ይመስላል፤ ምክንያቱም ከመቶ ክሮች አንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ የቴስተሩን ኢምንት ኤሌክትሪክ ያለ ችግር ያሳልፋል። እንቅፋት የሚገለጠው ብዙ አምፔር ሲያልፍ ብቻ ስለሆነ፣ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ሞተሪኖው እየታገለ ባለበት ቅጽበት ነው። ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጓደኛው ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንድ ያዞራል፣ ሌላው ውጭ ቆሞ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ የእርሳስ ራስ ላይ (ራሱን በጨበጠው መያዣ ላይ አይደለም)፣ ሁለተኛውን ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይጫናል። ቁጥሩ ከ0.2 ካልበለጠ ማሳው ጤነኛ ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ባትሪ ለመግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ጫፉን ከራሱ ወደ መያዣው በማዛወር ብቻ ቁጥሩ ከወረደ ደግሞ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ያለው ቆሻሻ ነው፤ እዚህ ላይ መያዣውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ "ጠብቋል" የሚሉ ሰዎች የባትሪውን ራስ ከሥሩ ከማላቀቅ ውጪ የሚፈይዱት ነገር የለም።

ተሳቢውም የራሱ ማሳ አለው። በአሜሪካ ጎታቹንና ተሳቢውን ከሚያገናኙት ሰባት ገመዶች ቢጫው ለግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ለቀኝ፣ ቀዩ ለፍሬን መብራት ሲያገለግል፣ ነጩ የሁሉም መመለሻ ነው። ነጩ ሲበጠስ በአሮጌዎቹ አምፖሎች ላይ የሚታየው ነገር አስገራሚ ነው፤ የግራ ፍሬቻ ሲበራ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌሎቹ አምፖሎች ክር በኩል ስለሚሾልክ፣ የኋላው መብራት ሁሉ ደብዝዞ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንዴም ተሳቢው በጎታቹ ላይ ባረፈበት የብረት ሰሌዳ በኩል መመለሻ ስለሚያገኝ፣ መኪናው ኩርባ ላይ ሲዞር መብራቱ ደህና ሆኖ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይጠፋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ወዲህ የተሠሩት ተሳቢዎች ኤ.ቢ.ኤስ፣ ማለትም ጎማ በፍሬን ጊዜ ተጣብቆ እንዳይንሸራተት የሚከላከል መሣሪያ፣ ስላላቸው በነጩ ገመድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ቢጫዋን የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ነጩን ሳይፈትሹ የመሣሪያውን ኮምፒውተር የሚቀይሩ ጋራዦችም አልታጡም።

ጥገናው ብዙ አይጠይቅም፦ ጫፉ ይፈታል፣ ከሥሩ ያለው ቀለምና ዝገት ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ታስሮ ከጠበቀ በኋላ በግሪስ ይሸፈናል፤ ልባሱ ያበጠ ወይም የደረቀ ገመድ ግን ሳይፋቅ ይቀየራል። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰርም ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል፤ ማሳው እንደታሰረ ፖዘቲቩን ሊፈታ የገባ ቁልፍ ሻንሲውን ከነካ፣ የባትሪዎቹ ሁሉ ጉልበት በዚያ አንድ ቁልፍ ውስጥ ያልፋልና።