ልጆቹ «እማ» ከማለታቸው በፊት፦ ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት መቼ ትጽፋለች?

አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ ከሚሽሜሬት ወደ ቤት እየተመለሳችሁ የምትሰሙን፣ ወይም እንደ እህቴ ልጅ እያስተኛችሁ በአንድ ጆሯችሁ ብቻ የምትሰሙን፣ እንዴት ናችሁ?

የዛሬው ጉዳይ ከእህቴ ነው የተነሳው። ታላቄ ናት። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ዓመት ከመንፈቋ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጽፋለች። ጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለች እንኳን ደብተር ከቦርሳዋ አይጠፋም ነበር። ከጦሩ ስትወጣ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጀመረች፤ አያታችን በእግሯ ወደ ሱዳን የሄደችበትን ታሪክ እየጠየቀች መጻፍ። ግማሽ ደብተር ሞላች። ከዚያ አገባች፣ ወለደች፣ ደብተሩም እዚያው ግማሹ ላይ ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ «ለምን አትጨርሺውም?» አልኳት። ሳቀችና «መቼ?» አለችኝ። በቃ፣ አንድ ቃል። እኔም መልስ አልነበረኝም። አያታችን ደግሞ አሁን አሁን ስም መርሳት ጀምራለች። የእኔን ስም በእህቴ፣ የእህቴን በእናቴ ትጠራለች። ስለዚህ ይሄ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ቤት የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ዛሬ እሱን ለመመለስ እንሞክር።

የምጀምረው ቶኒ ሞሪሰን ከምትባል ሴት ነው። ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ አሜሪካዊት ደራሲ ናት፣ በ1993 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ብዙ ጊዜ ፎቶዋን የምናየው ሽበታም፣ የተከበረች ትልቅ ሴት ሆና ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለዚያች ስለ ትልቋ ሳይሆን ስለ ሠላሳ አራት ዓመቷ ሞሪሰን ነው የማወራችሁ። ያኔ ማንም አያውቃትም።

በ1931 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ሎሬይን በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቦቿ ከደቡቦቹ ግዛቶች፣ ከጆርጂያና ከአላባማ ወደ ሰሜን የተሰደዱ ናቸው። እሷ እዚያው ሰሜን የተወለደች ልጅ ናት ማለት ነው፤ ወላጆቿ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ትዝታ ይዘው የመጡ። ቤቱ ደግሞ ተረት፣ ዘፈንና የመናፍስት ታሪክ የሞላበት ነበር። ይሄ እኛ የምናውቀው ነገር አይመስላችሁም? ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ መምህር ሆነች፣ አገባች፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። በ1964 ከባሏ ተለያየች።

በ1965 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሲራኪዩዝ የምትባል ከተማ ሄዳ የመማሪያ መጽሐፍ አርታኢ ሆና ተቀጠረች። እስቲ ኑሮዋን አስቡት። ብቻዋን ናት። ልጆቹ ሕፃናት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ ማታ እራት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት። ከተማውም ባዕድ ነው።

መሳቢያዋ ውስጥ ግን አንድ አጭር ጽሑፍ ነበራት። ዋሺንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ከጥቂት ጸሐፊዎች ጋር ትሰበሰብ ነበር፤ ወደ ስብሰባው ደግሞ የራስን ጽሑፍ ይዞ መምጣት ግድ ነው። እዚያ ያነበበችው ሰማያዊ ዓይን እንዲኖራት ስለምትመኝ ጥቁር ልጅ ነበር። ሐሳቡ የመጣላት ልጅ ሳለች አንዲት ጓደኛዋ እንደዚያ ስትመኝ ስለሰማቻት ነው። እንግዲህ ሲራኪዩዝ ላይ ያንን ጽሑፍ አውጥታ ማሳደግ ጀመረች። በ1970 «ዘ ብሉዌስት አይ» የሚባለው የመጀመሪያ መጽሐፏ ሆኖ ወጣ። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መቼ ጻፈችው?

በኋላ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረችው፣ ጎህ ሳይቀድ የመጻፍ ልማዷ የመጣው ከችግር ነው። ልጆቿ ትንንሽ ስለነበሩ «እማ» ብለው ከመጥራታቸው በፊት ያለውን ሰዓት መጠቀም ነበረባት። እነሱ የሚነሱት ደግሞ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ማለቴ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ተነስታ፣ ገና ጨለማ ሳለ ቡና አፍልታ ትጠጣና ብርሃኑ ሲመጣ ታያለች። ልጆቹ አድገው ከሄዱ በኋላም ይሄን ልማድ አልተወችውም። ለምን? ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጭንቅላቷ እንደ ጠዋቱ እንደማይሠራ ስለገባት።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲሰማ የሚወስደው ትምህርት «ጀግና ሁኚ፣ በሌሊት ተነሺ» የሚል ነው። እኔ እንደዚያ አልወስደውም። ሌሊቱን ሦስቴ ተነስታ ያጠባችን ሴት «አሁን ደግሞ ለመጻፍ ተነሺ» ማለት ግፍ ነው። ከሞሪሰን የምንማረው ሰዓቱን አይደለም። የራሷን ጭንቅላት አጥንታ የትኛው ሰዓት እንደሚሻላት ማወቋን ነው። ለአንዷ ሌሊት ነው፣ ለሌላዋ ልጁ ቀን የሚተኛባት አርባ ደቂቃ ናት፣ ለሌላዋ ባቡር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ነው። መጻፍ አንድ ሥራ ይመስለናል፤ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛው ማሰብ፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ማውጣት፣ ሦስተኛው ማስተካከል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጊዜ አይፈልጉም። ማሰብ ጠረጴዛ አይፈልግም። ሞሪሰን እንደተናገረችው መኪና ስትነዳ፣ የምድር ባቡር ውስጥ፣ ሣር ስታጭድ ስለ ታሪኩ ታስባለች፤ ወረቀቱ ጋ ስትደርስ የሆነ ነገር ይዛ ነው። ማለትም ያቺ የሌሊት ሰዓት አጭር ብትሆንም ባዶ አልነበረችም፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የቆየ ጭንቅላት ነው እዚያ የሚቀመጠው።

ወረቀት ላይ ማውጣቱ ዝምታ ይፈልጋል፤ ግን አጭር ሊሆን ይችላል። ማስተካከል ደግሞ ተቆራርጦ ይሠራል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አሁን፣ ሌላ ሁለት ነገ። እህቴ «መቼ?» ስትል በሐሳቧ ያለው ባዶ ቤት፣ ጠረጴዛና አራት ሰዓት ነው። እንደዚያ ከሆነ በእርግጥ መልሱ «ልጆቹ ሲያድጉ» ነው። ሥራው ሲከፋፈል ግን መልሱ ይለወጣል።

አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ፣ እውነት ለመናገር በጣም የምወደው። ሞሪሰን ስትጽፍ ልጇ አጠገቧ ሆኖ የጠጣውን የብርቱካን ጭማቂ ወረቀቱ ላይ ያስመልሳል። እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ነበረች። ምን ያደረገች ይመስላችኋል? እርጥቡን ዙሪያውን እየጻፈች ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰች። ምክንያቱም ትውኪያው በኋላም ይጠረጋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ላይመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ኧረ በሕግ! ልጁን ትታ?» እናቴን አልፈርድባትም። እኛ ቤት ጎበዝ ሴት የምትባለው ቤቷ የጸዳ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናዋ የደረሰ ናት። እህቴ አንዴ ዕቃ ሳይታጠብ ደብተር ይዛ ስትቀመጥ እናቴ «ልጄ፣ ይሄ እንጀራ ይሆንሻል?» አለቻት። ክፋት የለውም፤ ከፍርሃት ነው የመጣው። እናቴ ራሷ ለሰላሳ ዓመት የሰው ቤት አጽድታ ነው ያሳደገችን። ደብተር ይዞ መቀመጥ የሚባል ነገር ማን ሰጣት?

ሞሪሰንም ይሄ ጭንቀት ነበረባት። አንድ ቀን በጣም ሲበዛባት ማድረግ ያለባትን ሁሉ ዘርዝራ ጻፈች። ከዚያ ራሷን ጠየቀች፦ ካላደረግሁት የምሞትበት የትኛው ነው? ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ልጆቿን ማሳደግና መጽሐፍ መጻፍ። ልብ በሉ፣ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠችም። የሠረዘችው ሌላውን ነው። «እናትነት ወይስ ጽሑፍ?» ብለን ስንጠይቅ ገና ከጥያቄው ተሳስተናል። ትክክለኛው ጥያቄ «ከነዚህ ሁለቱ ውጪ ምኑ ይቅር?» ነው።

እሺ፣ ይሄ አሜሪካ ነው። እኛ ጋስ?

እስቲ ወደ አያቶቻችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በቤተ እስራኤል መንደር፣ አንዲት ሴት ስትወልድ የአራስ ጎጆ ትገባ ነበር፤ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ እንደተጻፈው። አሁን አዲስ ነገር ልፍጠር ብዬ ያንን ጎጆ ገነት አላደርገውም፤ ብርድም፣ ብቸኝነትም፣ ችግርም ነበረው። ግን አንድ ነገር እውነት ነው፤ በነዚያ ቀናት ከአራሷ ማንም ወጥ አይጠብቅም። ምግቧን ሌሎች ያመጡላታል፣ ቤቷን ሌሎች ይይዙላታል። የአንዲት እናት ጊዜ የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር። ከዚያም በኋላ ልጁን የሚያዝለው ብዙ ነው፤ አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ። አንቀልባው አንድ ቢሆንም ጀርባው ብዙ ነበር።

እዚህ አገር ስንመጣ ሕጉ የራሱን ይሰጣል። ሥራ ላይ ቆይታ መብቱ የተሟላላት ሴት ከቢቱአሕ ሌኡሚ የ15 ሳምንት የወሊድ ክፍያ ታገኛለች። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው የመንግሥት ጋን በነፃ ነው። በመሃል ያሉት ዓመታት ግን፣ ማዖኑ፣ ገንዘብ ነው። አያትየዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እናትየዋ ከሁለት ሕፃናት ጋር ብቻዋን ትቀራለች። «መቼ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፤ እህቴ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም።

ለዚህ ነው መልሱን ለጸሐፊዋ ብቻ መስጠት የማይሆነው። እኔም እህት ነኝ። ባል አለ፣ ወንድም አለ። «ጎበዝ፣ ጻፊ» ማለት ነፃ ነው። ልጆቹን ማክሰኞ ለሁለት ሰዓት ወደ መናፈሻ ይዞ መውጣት ግን እውነተኛ ስጦታ ነው። ማክሰኞ ከተባለ ደግሞ ማክሰኞ ነው፤ «ሲመቸኝ» የሚባል ቀን ካላንደር ላይ የለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ቋንቋው። እህቴ የምትጽፈው በዕብራይስጥ ነው። አያታችን የምታወራው በአማርኛ ነው። አያቴ «አንጀቴ ተላወሰ» ስትል እህቴ ለአሥር ደቂቃ እስክሪብቶ ይዛ ትፈዛለች። በዕብራይስጥ ምን ይባላል? «አዘንኩ» ብላ ብትጽፈው ቃሉ ሞተ። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ አሁን አትተርጉሚው። ስልክሽን ክፈቺ፣ ድምፅ ቅጂ፣ አያቴ በራሷ ቋንቋ ታውራ። ፊደል ባናነብ እንኳን ጆሯችን ያነባል። መተርጎም የማስተካከል ሥራ ነው፤ ሊቆይ ይችላል። የአያቴ ድምፅ ግን አይቆይም።

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። «ሞሪሰን ሞሪሰን ናት፣ እኔ እኔ ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ያቺ የሲራኪዩዟ ሴትም ያኔ ገና «ሞሪሰን» አልነበረችም፤ የደከማት እናት ነበረች።

ባለፈው ማክሰኞ ልጆቹን እኔ ወሰድኳቸው። ትንሿ ግማሹን ሰዓት አለቀሰች፣ ትልቁ አሸዋ በላ፤ አልዋሽም፣ ቀላል አልነበረም። ስመለስ እህቴ ከአያቴ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ዕቃው አልታጠበም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀድቷል። አያቴ የእህቴን ስም ተሳስታ በእናቴ ስም ጠራቻት፤ ድንበሩን ሲሻገሩ እናቴን ማን እንዳዘላት ግን ከነስሙ ተናገረች። ያንን ስም ከቤታችን ማንም አያውቀውም ነበር።

እናንተም ቤት ግማሽ ላይ የቆመ ደብተር ካለ፣ የናንተም ይሁን የእህታችሁ ወይም የሚስታችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ፤ ልጆቹን የምትይዙበትን ቀን ቁረጡና ንገሯት።

እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ ቸር ይግጠመን።