አዲስ ካቢኔ እንዴት ይቋቋማል?

መንግሥት ሲወድቅ የአገር ሥራ አብሮ አይቆምም። ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ይፈልጋል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጠብቃል። አስተማሪው ደመወዝ ይፈልጋል። ታዲያ የድሮዎቹ ሚኒስትሮች ከሌሉ ይህን ሁሉ ማን ያዛል? ሕዝቡ ገና ድምፅ አልሰጠም። አዲሶቹን ማን ይሾማቸዋል? ለዚህ ጥያቄ በ1983 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውን ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንወቅ። ካቢኔ ማለት የሚኒስትሮች ስብስብ ነው። በሕግ ስሙ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይባላል። አንዱ ሚኒስትር እርሻን ይመራል፤ ሌላው ትምህርትን፣ ሌላው መከላከያን። የሽግግር መንግሥት ማለት ደግሞ አሮጌው መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በምርጫ የሚቆመው እስኪመጣ ድረስ አገር የሚጠብቅ ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ወጡ። ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ኢሕአዴግ ጠመንጃም ከተማም በእጁ ነበር። ሆኖም አገር ለማስተዳደር የሌሎችም ስምምነት ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ከሰኔ 24 እስከ 28 በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ጉባኤ ተካሄደ። ከ20 በላይ ድርጅቶች ተወካዮቻቸውን ላኩ።

ሥራው በተራ በተራ ሄደ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ሕግ ወጣ። ጉባኤው ቻርተር አጸደቀ። ቻርተር የስምምነት ሰነድ ነው። ሕገ መንግሥት እስኪጻፍ ድረስ በቦታው ሆኖ ያገለግላል። ሐምሌ 15 ቀን በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ።

ሁለተኛ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ቆመ። ቻርተሩ አባላቱ ከ87 እንዳይበልጡ ወሰነ። ኢሕአዴግ 32 ወንበር አገኘ። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ ማለትም ኦነግ፣ 12 አገኘ። የቀረውን ሌሎች ተካፈሉት።

ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ሰብሳቢውን መረጠ። ሰብሳቢው ርዕሰ ብሔርም ይሆናል። የተመረጡት አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ። ርዕሰ ብሔሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾማል፤ ምክር ቤቱ ሹመቱን ያጸድቃል። በዚህ መሠረት አቶ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቻርተሩ እዚህ ላይ አንድ አጥር አጠረ። ርዕሰ ብሔሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የምክር ቤቱ ምክትል ሰብሳቢና ጸሐፊው ከተለያየ ብሔር እንዲሆኑ አዘዘ።

አራተኛ፣ ሚኒስትሮቹ ተመረጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስማቸውን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። በዚያው ክረምት 17 አባላት ያሉት ካቢኔ ቆመ።

ሰው የሚመረጠው በምን መስፈርት ነው? ቻርተሩ ሦስት ነገር ጠይቋል። የአገሩ ሕዝብ በሰፊው ይወከል። ተሿሚው ሙያውን ይወቅ። ለቻርተሩም የታመነ ይሁን።

በእድራችን አስቡት እስቲ። ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ ታማኝ ሰው እንፈልጋለን። ግን መቁጠርና መመዝገብ የማይችል ታማኝ ሒሳቡን ያበላሻል። መቁጠር የሚችል፣ ግን የእድሩን ደንብ የማያከብር ደግሞ ሣጥኑን ያራቁታል። ሁሉም ሹመኞች ከአንድ መንደር ከሆኑስ? ሌላው መንደር መዋጮውን ያቆማል። ካቢኔም እንደዚሁ ነው። አንዱ መስፈርት ብቻውን አይበቃም።

ወንበሩ ሲከፋፈል ግን ሁሉም ወንበር እኩል አይደለም። የትምህርት ሚኒስትሩና የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ከኦነግ ነበሩ። መከላከያና የውጭ ጉዳይ በኢሕአዴግ እጅ ቀሩ። በጉባኤው ያልተጠሩም ነበሩ። ከተቃዋሚዎች ኢሕአፓና መኢሶን፣ ከወደቀው ወገን ኢሠፓ ቦታ አላገኙም።

ኋላ ምን ሆነ? በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ ደረሰ። ኦነግ «ደጋፊዎቼና ዕጩዎቼ ተጉላሉ» ብሎ ከምርጫው ወጣ። ከመንግሥቱም ወጣ። ሁለቱም የየራሳቸው ጦር ነበራቸውና ውጊያ ተነሣ። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ትልቁ ሸሪክ ከጠረጴዛው ተነሣ ማለት ነው። ወንበር መካፈሉ ጦሩን አንድ አላደረገውም።

የሽግግሩ መንግሥት እስከ ነሐሴ 1987 ዓ.ም. ቆየ። በኅዳር 1987 ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ተደረገ፤ በነሐሴ አዲስ መንግሥት ተመሠረተ።

አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። የሽግግር ሚኒስትር ግን ድምፅ የሰጠው ሕዝብ የለውም። የተቀመጠበት ወንበር የሰው አደራ ነው። አደራ ደግሞ ይመለሳል እንጂ አይበላም። ስለዚህ በየትም አገር «አዲስ ካቢኔ ተቋቋመ» የሚል ወሬ በራዲዮ ስንሰማ፣ ስማቸውን ብቻ ሰምተን አንለፍ።

አንብበን ስንጨርስ በእነዚህ ጥያቄዎች እንወያይ፦

1. ሚኒስትሮቹን ማን አቀረበ? ማንስ አጸደቀ?
2. ማን ተጠራ? ማን ከደጅ ቀረ?
3. ጦሩን የሚያዘው ማን ነው?
4. ምርጫው መቼ ነው? ቀኑስ ተጽፏል ወይ?